ያገለገለ መሪ ከነኤርባጉ ልግዛ ወይስ መሪውን ብቻ? ኮሮላ 2005፣ አዳማ

ኮሮላ_አዳማ | ሰኞ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ ኮሮላ ሞዴል 2005 ናት። ከገዛኋት ዓመት ከምናምን ሆነኝ። ሞተሯም፣ ማርሿም፣ ፍሬኗም እንከን አይወጣላቸውም። ችግሯ መሪዋ ነው። የአዳማን ፀሐይ ታውቁታላችሁ። ውጭ ቆማ ስትውል የመሪው ላስቲክ ይለሰልስና እጅ ላይ ይጣበቃል። ከላይ በኩል ተልጦ ውስጡ ያለው ስፖንጅ ብቅ ብሏል። ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ሥራ በምገባበት ቀን እጄ ጠቁሮ ነው የምወርደው። የመሪ ልብስ ገዝቼም ነበር። ግን ስጠመዝዘው ልብሱ ይዞራል፣ መሪው እዚያው ይቀራል፤ አንድ ቀን ፖስታ ቤት ጋ ስታጠፍ ባጃጅ ከመግጨት ለጥቂት ነው የተረፍኩት፣ የዚያኑ ዕለት ቀድጄ ጣልኩት።

አሁን አዲስ አበባ ያለ አንድ ያገለገለ ዕቃ ሻጭ ከተፈታ ኮሮላ የወጣ መሪ አለኝ አለ። ፎቶውን ልኮልኛል። ቆዳ ነው፣ ንፁህ ነው። ከነኤርባጉ 14 ሺህ ብር ይላል። መሪውን ብቻ ስጠኝ ብለው «ነጥዬ አልሸጥም» አለኝ። ከነኤርባጉ ገዝቼ እንዳለ ልግጠመው? ወይስ የራሴን ኤርባግ ወደ አዲሱ መሪ ላዙረው? ቤት ውስጥ ራሴ ልፈታው እችላለሁ? ቁልፎች አሉኝ።

አሮጌ_ዲኤክስ | ሰኞ ማታ 3፡15

ልጄ እንደምን አመሸህ። እኔ የምነዳው ዲኤክስ ነው፣ መሪዋን ሁለት ጊዜ ቀይሬአለሁ። መሐል ያለውን የክላክስ ክዳን ታነሳለህ፣ ዳዶውን ትፈታለህ፣ መሪውን ትነቅላለህ፣ ሌላውን ትሰካለህ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ሁለት ነገር ብቻ ልንገርህ። ጎማዎቹን ቀጥ አድርገህ አቁማት። ከመንቀልህ በፊት መሪውና ዘንጉ ላይ አንድ መስመር በነጭ ቀለም አስምር። አለዚያ ስትመልሰው አንድ ጥርስ ያልፍና መኪናዋ ቀጥ ብላ እየሄደች መሪው ተንጋዶ ይቀራል። ሁለተኛው፣ ዳዶውን ጨርሰህ እንዳታወጣው። ሁለት ሦስት ጥርስ ይዞ ይቆይ። መሪ ለዓመታት ይዞ ከቆየ በኋላ ሲለቅ በድንገት ነው። አንተ በሙሉ ኃይልህ ወደ ራስህ እየጎተትክ ስለሆነ ፊትህን ይልሃል። እኔ ከንፈሬ ተሰንጥቋል።

የጋራዡ_ልጅ | ሰኞ ማታ 4፡05

ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፣ ዳዶውን ጨርሰህ አታውጣ ያሉትን በተለይ ያዘው። ግን የእርስዎ ዲኤክስ ኤርባግ የላትም ጋሼ። የዚህ ልጅ መሪ ውስጥ ፈንጂ አለ። አጋንኜ አይደለም። ግጭት ሲሰማው የሚቀጣጠል ኬሚካል ነው፣ የሚወጣው ጋዝ ከረጢቱን ይነፋዋል። ከረጢቱ እስኪሞላ የሚፈጀው 30 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ እንኳ ከዚያ በላይ ይፈጃል።

ኮሮላ_አዳማ፣ ያገለገለ መሪ ግዛ፣ ያገለገለ ኤርባግ አትግዛ። መሪው ብረትና ቆዳ ነው። ታየዋለህ፣ ትዳስሰዋለህ፣ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተህ መጣመም አለመጣመሙን ትለያለህ። ኤርባጉን ግን ከላይ አይተህ ምንም አታውቅም። ከተጋጨ መኪና ይውጣ፣ ውሃ ከገባው መኪና ይውጣ፣ ፀሐይ ላይ ስንት ዓመት ይቀመጥ፣ የሚነግርህ የለም። በመለኪያ ልፈትሸው ብትል ደግሞ አይቻልም፤ የመለኪያው ትንሽ ኤሌክትሪክ ራሱ ሊያስነሳው ስለሚችል ኤርባግ በኦሚሜትር አይለካም።

የራስህ ኤርባግ ጤነኛ ከሆነ ወደ አዲሱ መሪ ይዞራል። ከመሪው ጀርባ በግራና በቀኝ ትንንሽ የፕላስቲክ ክዳኖች አሉ። እነሱን ስታነሳ ባለ ኮከብ ራስ ቡሎኖች ታገኛለህ፣ በቲ 30 ቁልፍ ይፈታሉ። ከዚያ በፊት ግን የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀልና ቢያንስ 90 ሰከንድ ጠብቅ። የኤርባጉ ኮምፒውተር ባትሪው ቢነቀልም ለማፈንዳት የሚበቃ ኃይል ለትንሽ ጊዜ ይዞ ስለሚቆይ ነው። እኔ 90 ሰከንድ አልልም፣ ሻይ ጠጥቼ ነው የምመለሰው። ቢጫ ሶኬት የተሰካበት ገመድ ሁሉ የኤርባግ ነው፣ ቢጫ ስታይ እጅህን ሰብስብ። ያወጣኸውን ኤርባግ ፊቱን ወደ ላይ አድርገህ አስቀምጠው። ፊቱን ወደ መሬት አድርገህ ካስቀመጥከው፣ ድንገት ቢነሳ ራሱ ነው ወደ ላይ የሚወነጨፈው።

ራሴ ልፍታው ላልከው፣ እኔ ባትፈታው እመርጣለሁ።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር አድርግልኝ። ነገ ጠዋት መኪናዋ ውስጥ ገብተህ ሞተር ሳታስነሳ ቁልፉን ብቻ አዙር። ዳሽቦርዱ ላይ ሰው የተቀመጠ ከፊቱ ክብ ነገር ያለ የሚመስል ቀይ መብራት አለ። እሱ መጀመሪያ ይበራና ስድስት ሰከንድ ያህል ቆይቶ መጥፋት አለበት። ምን እንዳየህ ጻፍልኝ።

መስመር_ሾፌር | ማክሰኞ ጠዋት 1፡20

ከአዳማ አዲስ አበባ አባዱላ ነው የምሠራው። መሪህ በፈጣን መንገዱ ላይ ፍጥነት ስትጨምር ይንቀጠቀጣል እንዴ? ከሆነ መሪ በመቀየር አይድንም። ባላንስ አሠራ፣ አላይመንት አሠራ፣ ጎማና ቸርኬውን አሳይ። ብዙ ሰው መሪውን ሲወነጅል አያለሁ። ሞጆን አልፈህ ነፋሱ ከጎን ሲመታህ ደግሞ ጤነኛ መኪናም ትገፋለች፣ እሱን ከመሪ ብልሽት ጋር አታምታታው።

ኮሮላ_አዳማ | ማክሰኞ ጠዋት 1፡50

አይ አይንቀጠቀጥም፣ መላጡና መጣበቁ ብቻ ነው። የጋራዡ_ልጅ፣ ቁልፉን አዞርኩ። የሞተሩ መብራት፣ የዘይቱ፣ የባትሪው፣ የእጅ ፍሬኑ በርተው አየሁ። ያልከው ሰው የሚመስለው አልበራም። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። ታዲያ ካልበራ ችግር የለውም ማለት ነው አይደል?

የጋራዡ_ልጅ | ማክሰኞ ጠዋት 2፡10

አይደለም ወንድሜ። በርቶ ቢጠፋ ነው ጤነኛ። በርቶ ቢቀር «ችግር አለብኝ» እያለህ ነው። ጭራሹኑ አለመብራቱ ግን ከሁለቱም ይብሳል። ወይ አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ወይ ሰው ነክቶታል። መኪናዋ ከአንተ በፊት ተጋጭታ ታውቃለች?

ኮሮላ_አዳማ | ማክሰኞ ጠዋት 2፡25

ደላላው «ጭረት እንኳ የላትም» ብሎኝ ነበር።

ቁጥብ_እጅ | ማክሰኞ 6፡40

ሰው አታስፈራሩ። እኔ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው የምሠራው። የኤርባግ መብራት በርቶ አልጠፋ ያለው ደንበኛ በሳምንት ሁለት ሦስት ይመጣል። አዲስ ኤርባግ ዋጋው አይቀመስም። ሶኬቱ ላይ ትንሽ ሬዚስተር ትሰካለህ፣ ኮምፒውተሩ ኤርባግ ያለ ይመስለዋል፣ መብራቱ ይጠፋል። ደንበኛው ራሱ ነው የሚለምነኝ። ያለ ኤርባግ ስንት ዓመት ተነድቷል፣ የጋሼ ዲኤክስ ይኸው እየሄደች አይደል?

ሐይቅ_ዳር | ማክሰኞ 7፡30

ከሐዋሳ ነኝ። ቁጥብ_እጅ፣ ጋሼ ዲኤክሳቸው ኤርባግ እንደሌላት ያውቃሉ። አውቀው ነው የሚነዱት፣ ክርክራችን እዚህ ላይ ነው። ያ ሬዚስተር የተሰካባት መኪና ነገ ትሸጣለች። ገዢው ልጆቹን ጭኖ ይነዳታል። መብራቱ በርቶ ሲጠፋ እያየ ኤርባግ አለኝ ብሎ ያምናል። ለአንተ ደንበኛ ገንዘብ ቆጠብክለት፣ ለሚቀጥለው ሰው ግን ዋሽተኸዋል፣ እሱ ደግሞ አንተን አያውቅህም።

ለጥያቄው ባለቤት ደግሞ የራሴን ልንገርህ። ባለፈው ዓመት መሪ ያስቀየርኩት ባለሙያ ከመሪው ሥር ያለውን ጥቅልል ገመድ አላወቀበትም። ስፓይራል ኬብል የሚሉት እሱ ነው። ክብ ፕላስቲክ ቤት ውስጥ እንደ ሰዓት ሞላ የተጠቀለለ ቀጭን ሪባን ነው፣ መሪው ሲዞር አብሮ ይጠቀለላል፣ ይተረተራል። የክላክሱም የኤርባጉም ኤሌክትሪክ የሚያልፈው በእሱ ነው። መሪው ሲወጣ ሪባኑ መሐል ላይ መቆየት አለበት። የእኔው ሰው በጣቱ እያሽከረከረ ያወራ ነበር፣ በመጨረሻ እንደመጣለት ሰክቶት ላከኝ። መጀመሪያ ምንም አልታወቀኝም። በሦስተኛው ቀን መኪና ለማቆም መሪውን እስከ ጥጉ ሳዞረው ጠጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ክላክሱ ሞተ፣ የኤርባጉ መብራት በራ። ሪባኑ ተበጥሶ ነበር። መሪውን በጥሩ ዋጋ አግኝቼ ኬብሉን በእጥፍ ገዛሁት።

የጋራዡ_ልጅ | ማክሰኞ 8፡15

ሐይቅ_ዳር ያለው ትልቅ ነገር ነው። እኔ መሪ ሳወጣ መጀመሪያ የማደርገው ኬብሉን እንዳይዞር በማሸጊያ ቴፕ መያዝ ነው። ከዞረ ደግሞ አገባብ አለው፣ በእጅ ወደ ግራ ቀስ ብሎ እስኪጠብቅ ይዞራል፣ ከዚያ ወደ ቀኝ በኮሮላ ሁለት ዙር ተኩል ገደማ ይመለስና ምልክቶቹ ይገጣጠማሉ። እየጠበቀ ሲመጣ መግፋት የለም።

ስትገዛ የመሪውን ጀርባም እይ። ያንተ መሪ ላይ የሌለ ቁልፍ፣ ለምሳሌ የሬዲዮ ወይም የክሩዝ፣ አዲሱ ላይ ካለ በባዶ ነው የሚቀመጠው፣ ኬብልህ ለእሱ የሚሆን ገመድ ላይኖረው ይችላል። የኤርባግ ሶኬትም በአንድ ስም በሚጠራ ሞዴል እንኳ ይለያያል፣ አንዳንዱ አንድ ቢጫ ሶኬት ነው፣ አንዳንዱ ሁለት። ሁለት የሆነው በሁለት ደረጃ የሚነሳው ነው። «የኮሮላ ነው» መባሉ አይበቃም። በቻንሲ ቁጥርህ የዕቃውን ቁጥር አስወጣና አመሳክር።

ቁጥብ_እጅ ወንድሜ፣ ለሙያህ ክብር አለኝ። እኔም ሲለምኑኝ ነው የምውለው። የምመልሰው ግን አንድ ነው። ኤርባጉን መግዛት ካልቻልክ መብራቱ ይብራ እላለሁ። ያኮረፈኝ ደንበኛ አለ።

የወንጂዋ | ማክሰኞ ማታ 2፡00

ወንጂ ነው የምኖረው፣ ሥራዬ ድንገተኛ ክፍል ነው። ስለ መኪና ዕቃ አላውቅም፣ ስለሚመጡት ሰዎች ግን አውቃለሁ። ቀበቶ ያላሰረ ሾፌር ደረቱና ፊቱ ከመሪው ጋር ይገናኛል። ኤርባግ ብቻውን አያድንም፣ ቀበቶ ካላሰርክ ከረጢቱ ገና እየተነፋ አንተ ትደርስበታለህ፣ ያኔ ራሱ ይጎዳሃል። ደረትህ ከመሪው መሐል ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። እጅህ በሰዓት ፊት 9 እና 3 ላይ ቢሆን ይሻላል፣ ከላይ በአንድ እጅ ከያዝከው ከረጢቱ ሲወጣ ክንድህን ወደ ፊትህ ይወረውረዋል።

ሌላው የምለምናችሁ የመሪው መሐል ላይ የምትለጥፉትን ነው። የብረት ጌጥ፣ የሚያብረቀርቅ ድንጋይ፣ የሚጣበቅ የስልክ መያዣ። ያ ክዳን ተቀድዶ ነው የሚከፈተው። ላዩ ላይ የተለጠፈው ሁሉ ወደ ፊታችሁ ይበራል።

አሮጌ_ዲኤክስ | ማክሰኞ ማታ 2፡30

ልጄ ተባረኪ። እኔ ኤርባግ የለኝም ብዬ ቀበቶ የማላስርበት ቀን ነበር። ከእንግዲህ የለም።

ቁጥብ_እጅ | ማክሰኞ ማታ 3፡10

ሐይቅ_ዳር ያልከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለሚቀጥለው ገዢ አስቤ አላውቅም፣ እውነቱን ነው የምናገረው። ፊቴ ያለውን ደንበኛ ነው የማየው። የሠራኋቸው መኪኖች አሁን የት እንዳሉ አላውቅም። ደውዬ ላገኛቸው የምችላቸው ግን አሉ።

ሐይቅ_ዳር | ረቡዕ ጠዋት 3፡00

እንዲህ የሚመልስ ሰው ብርቅ ነው፣ አክባሪህ ነኝ።

ስለ ያገለገለ ኤርባግ አንድ ነገር ልጨምር። ታካታ የሚባለውን የጃፓን ኤርባግ አምራች ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ከረጢቱን የሚነፋውን ጋዝ የሚያወጣው ኬሚካል አሞኒየም ናይትሬት ነበር። ሙቀትና እርጥበት ለዓመታት ሲፈራረቅበት ይበላሻል፣ ከዚያ ሲነሳ ከሚገባው በላይ ይፈነዳና የብረት ቆርቆሮውን ሰባብሮ ሰው ላይ ይረጨዋል። አሜሪካ ውስጥ ብቻ ወደ 67 ሚሊዮን ኤርባጎች እንዲቀየሩ ተጠርተዋል። ድርጅቱ በፈረንጆቹ 2017 ከሰረ። የ2005 ኮሮላም በተሳፋሪው በኩል ባለው ኤርባግ ምክንያት ከተጠሩት ውስጥ ናት። ከተፈታ መኪና የወጣ ኤርባግ ስትገዛ ከየት አገር እንደመጣ፣ ተጠርቶ ሳይቀየር የቀረ ይሁን አይሁን፣ በምን ታውቃለህ? የእኛ ስምጥ ሸለቆ ደግሞ ሙቀት አያጣም።

ኮሮላ_አዳማ | ረቡዕ ማታ 1፡30

ለሻጩ ደወልኩለት። መሪውን ብቻ ነው የምፈልገው፣ ኤርባጉን አውጥተህ አስቀርልኝ አልኩት። መጀመሪያ እምቢ አለ። ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ ስለው በ5 ሺህ 500 ተስማማ። ነገ በሚኒባስ ይልክልኛል። ቅዳሜ የጋራዡ_ልጅ ጋ እሄዳለሁ፣ በውስጥ ተነጋግረናል። ስለ መብራቱ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ኮሮላ_አዳማ | ቅዳሜ ማታ 2፡15

ሁላችሁም ስለጠየቃችሁኝ ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ገባን። የጋራዡ_ልጅ ኔጌቲቩን ነቀለ። እንዳለውም ሻይ ጠጣን። ከዚያ የጎን ክዳኖቹን አንስቶ የመጀመሪያውን ቡሎን ሊፈታ ሲል ቀጥ አለ። የቡሎኑ ኮከብ ጫፎቹ ተበልተዋል፣ ከዚህ በፊት በማይሆን ቁልፍ ተፈትቷል። ምንም አላለኝም። ፈታውና የመሪውን መሐል ወደ እኔ ጎተት አድርጎ በእጁ መዘነው። «ቀሎኛል» አለ።

ገልብጦ አሳየኝ። ከጀርባው የሚቀጣጠለው ኬሚካል ያለበት ክብ የብረት ቆርቆሮ መኖር ነበረበት። የለም። ባዶ ቀዳዳ ነው። ውስጡ ታጥፎ የተጠቀጠቀ ግራጫ ስፖንጅ አለ። ቢጫው ሶኬት በጥቁር ቴፕ ተጠቅልሎ ወደ ጎን ተቀብሯል። ከዚያ ክዳኑን ወደ ብርሃን አዙሮ አዘነበለውና ጥፍሩን በላዩ ላይ አስኬደው። ከቶዮታ ምልክቱ ሥር እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር አለ። ተቀዶ፣ በማጣበቂያ ተገጥሞ፣ ቀለም ተቀብቷል። ዓመት ሙሉ ፊቴ አንድ ክንድ እንኳ በማይርቅ ቦታ ላይ ነበር፣ አንድም ቀን አላየሁትም።

የዳሽቦርዱን መስታወት አወጣው። መብራቱ አልተቃጠለም፣ ከኋላው ጥቁር ቴፕ ተለጥፎበት ነበር። ልጁ እንዳስረዳኝ ኤርባግ ከተነሳ በኋላ ኮምፒውተሩ ግጭቱን መዝግቦ ስለሚይዝ መብራቱ እንዲሁ አይጠፋም። ያን ለመደበቅ ነው የሸፈኑት። የተሳፋሪው በኩልም ዳሽቦርዱን ነካ ነካ አድርጎ አሳየኝ፣ እዚያም ቀለሙ ትንሽ ይለያል። እዚያ ወንበር ላይ እናቴ ናት የምትቀመጠው።

ደላላው ጋ ደወልኩ። «እኔ አገናኝቼ ነው እንጂ መካኒክ አይደለሁም» አለኝ። የሸጠልኝ ሰው ስልክ አይሠራም። ጭረት የላትም የተባለችው መኪና ይቺ ናት።

መሪው ተገጥሟል። ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ ፈትሾታል፣ አልተጣመመም። ዘንጉ ላይ ነጭ መስመር አሰመረ፣ ጋሼ እንዳሉት። ዳዶውን አላልቶ በቦታው ተወው፣ ከዚያ በመንቀያ አወጣው። በመዶሻ ቢመቱት አይቀልም ወይ ስለው፣ ዘንጉ በግጭት ጊዜ እንዲታጠፍ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ በመዶሻ ከተመታ ይጎዳል አለኝ። ዳዶውን ሲመልስ በልኬት ቁልፍ 50 ኒውተን ሜትር ላይ አጠበቀው። ፍሬቻው ካጠፍኩ በኋላ በራሱ ይመለሳል፣ ክላክሱ ይሠራል፣ እስከ ሶደሬ መታጠፊያ ሄጄ ተመለስኩ፣ መሪው ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። እጄም ንፁህ ነው።

መሐሉ ላይ ያንኑ ባዶ ክዳን መልሰናል፣ ሌላ የለኝማ። ቴፑን ግን አስነሳሁት። አሁን ቁልፉን ሳዞር ቀዩ መብራት ይበራል፣ አይጠፋም። ልጁ ልሸፍነው ወይ ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም። ገለቶማ ወንድሜ።

የጋራዡ_ልጅ | ቅዳሜ ማታ 3፡00

ምንም አይደል። እኔም ዛሬ ተናድጄ ነው ወደ ቤቴ የገባሁት።

አንድ ነገር ዛሬ ሳንጨርሰው ቀርቷል። መኪናዋ ያን ያህል ከተመታች የፊት ቀበቶዎቹም መታየት አለባቸው። ግጭት ሲደርስ ቀበቶውን ሳብ አድርጎ የሚያጠብቅ እንደ ኤርባጉ የሚፈነዳ ነገር አላቸው፣ አንዴ ከሠራ ይቀየራል። አሁኑኑ አንድ ሙከራ አድርግ። ቀበቶውን በፍጥነት ሳበው፣ መያዝ አለበት። ለቀቅ ስታደርገው ጥቅልል ብሎ መግባት አለበት። ካልያዘ ወይም አልሳብም ካለ እናትህን እዚያ ወንበር ላይ አታስቀምጥ፣ ኋላ ይቀመጡ። በትክክል ቢይዝም ማጥበቂያው ፈንድቶ ሊሆን ስለሚችል በስካነር እናየዋለን።

የወንጂዋ | ቅዳሜ ማታ 3፡20

ኮሮላ_አዳማ፣ ሳነብ ልቤ ነው የደነገጠው። እግዚአብሔር ይመስገን ሳትጋጭ አወቅኸው።

መስመር_ሾፌር | ቅዳሜ ማታ 4፡10

ይሄን አንብቤ ተነስቼ የአባዱላዬን ቁልፍ አዞርኩ። በራ፣ ጠፋ። ተራ ላይ ላሉት ልጆች ነገ እነግራቸዋለሁ፣ ግማሾቹ ያ መብራት ምን እንደሆነም አያውቁም።

ኮሮላ_አዳማ | እሑድ 8፡30

ቀበቶዎቹን ሞከርኩ። የእኔ ያዘ። የተሳፋሪው ሲሳብ ይንቀረፈፋል፣ ስለቀው ግማሹ ውጭ ይቀራል።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እናቴ ከፊት ልትገባ በሩን ስትከፍት መብራቱን አየችና «ይሄ ቀዩ ምንድነው?» አለችኝ። ነገርኳት። ብዙ አልጠየቀችኝም። በሩን ዘግታ ከኋላ ገባች፣ ነጠላዋን ሰብስባ ቀበቶውን ፈለገችና አሰረች። እስከዛሬ ኋላ ተቀምጣ አስራ አታውቅም።

የጋራዡ_ልጅ፣ ስካነሩ መቼ ይገኛል? አዲስ ኤርባግ በአንዴ አልችልም፣ ግን መጀመሪያ የእሷን ቀበቶ ነው የምገዛው። ያገለገለ አልፈልግም።

የጋራዡ_ልጅ | እሑድ 9፡05

ማክሰኞ 3 ሰዓት ላይ አምጣት። የቻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ላይ በፎቶ ላክልኝና የቀበቶውን ዕቃ ቁጥር ዛሬ ማታ አወጣልሃለሁ።